ምንጩ ያልፈረመው መመሪያ

ጎንደር ውስጥ «የውሃ ባለሙያ ነኝ» ብሎ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ይህን ስህተት የሠራሁት አራዳ ውስጥ ቤት በተከራየሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አከራዬ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው በደረቀ ቁጥር መጥተው በሬን ያንኳኳሉ። «ውሃሽ ጠፋ እኮ» ይሉኛል፣ ላሜ ከበረት አምልጣ የወጣች ይመስል። እኔም እንደሳቸው ቢጫ ጀሪካን ደርድሬ የምጠብቅ ሰው ነኝ። የእኔ ሥራ ወረቀት ላይ ያለው ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ከዳባት ወጣ ብላ ወዳለችው ደጋ ቀበሌ መጀመሪያ የሄድሁት የዝናብ መለኪያ ለመትከል ነው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ስማቸው ወረቀት ላይ ከወጣ ስብሰባ እንደሚከተል ስለሚያውቁ አይወዱትም። መለኪያውን የሚያነብ ሰው ስንፈልግ አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ተገኘች፤ በጎልማሶች ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተማረች፣ ነገር የማያልፋት። ማሳዋ ከመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃ ሲተርፍ ብቻ የሚደርስበት ቦታ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዝናብ ይለካል።»

«ለክቶስ?»

«ሪፖርት ይላካል።»

ትንሽ አሰበችና «ዝናቡ ሪፖርቱን አይቶ ያፍር ይሆናል» አለች፤ ደብተሩን ግን ተቀበለችኝ።

ደብተሩ ላይ ቀን፣ የዝናብ መጠንና «ምርመራ» የሚል ዓምድ ነበረው። ምርመራ የሚባለው ዓምድ በማንኛውም ቅጽ ላይ ባዶ የሚተው ነው። እሷ ግን እስከ ኅዳጉ ትሞላዋለች። «ዛሬ የለም። ደመናው መጥቶ አይቶን ሄደ» ትላለች። ካህናቱ ዝናብ ጠፍቶ ምሕላ በያዙ ሰሞን «በረዶ ጣለ። ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ አልነገሩትም መሰለኝ» ብላ ጽፋለች። ደብተሩ ቢሮ ሲደርስ እየሳቅን እናነበዋለን፤ ከዚያ ቁጥሩን ብቻ ኮምፒውተር ላይ እንገለብጥና የቀረውን እንተወዋለን።

በሁለተኛው ዓመት መሥሪያ ቤታችን አዲስ መመሪያ ደረሰው። ርእሱ ብቻ አንድ ሙሉ መስመር ይወስዳል፤ ባጭሩ የአየር ንብረቱ ስለተለወጠ የውሃ አጠቃቀማችንም ይለወጥ ነው የሚለው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ሲገባም እንደ ሰካራም ያለውን ሁሉ ባንድ ቀን ይደፋል፣ ከዚያ ሳይሰናበት ይወጣል። ይህን ለማወቅ ግን መመሪያ አያስፈልግም፤ ጠዳ ገበያ የመጣ ማንም ገበሬ ይነግርሃል። መመሪያው የጨመረው ቅጹን ነው። ኮሚቴ ይቋቋም፣ የውሃ ተራ በቀንና በሰዓት ይደልደል፣ ይፈረም፣ ይላክ።

ኃላፊያችን ደግ ሰው ነው፤ ቅጽ ሲሞላ ፊቱ የሚበራ። «ያቺን ቀበሌ አንቺ ታውቂያታለሽ» ብሎ መመሪያውን ይዤ እንድወጣ አዘዘኝ።

ቀበሌዋ ያለቻት አንዲት ምንጭ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ከጥቁር አለት ሥር ትፈልቅና ትንሽ ኩሬ ትሠራለች። ከኩሬው ሴቶች ይቀዳሉ፣ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፣ የቀረው በቦይ ወርዶ የአርባ ያህል ቤተሰብ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ያጠጣል። ይህን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአገሩ እንዲህ ያለውን ሰው የውሃ አባት ይሉታል፤ መንደሩ ራሱ መርጦ የሚሾመው ዳኛ ነው። እኒህኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። የትኛው ጆሮ እንደሆነ ግን እንደ ጉዳዩ ይለዋወጣል።

ጥቅምት ላይ ሰውን ሰብስቤ የሠራሁትን ሰንጠረዥ ዘረጋሁ። በአምስት ቀለም ያሸበረቀ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ሁሉም ተቀምጧል። እኔ ራሴ ሳየው እኮራ ነበር። ሽማግሌው ተጠግተው በጣታቸው እያንዳንዱን ቀለም ነካ ነካ አደረጉ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ቀለሙም ሸጋ ነው። ለምንጩ ማን ይነግረዋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍሁና ወደ ምርጫው አለፍሁ። መመሪያው ሰብሳቢው ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን ስለሚል ሽማግሌው ከቦታቸው ተነሡ፤ «የክብር አባል» አደረግናቸው። የክብር አባል ማለት በስብሰባ ቀን ወንበር የሚሰጠው፣ በሌላው ቀን ማንም የማይጠይቀው ሰው ነው። ሁሉም ፈረመ፣ ያልቻለ በጣቱ አተመ። ኃላፊያችን ሰነዱን ሲያይ ፊቱ በራ።

ጥር ላይ ስልኬ ጮኸ። ዝናብ የምትለካው ሴትዮ ናት።

«ተራዬ ደርሷል» አለችኝ።

«ደስ ይላል።»

«ውሃው ግን አልደረሰም።»

የዚያ ዓመት ዝናብ ከመስቀል በፊት አቋርጦ ነበር። ምንጩ ሲቀንስ ሰንጠረዡ አልቀነሰም። በሕጉ መሠረት ሐሙስ ጠዋት ለእሷ ቦይ ይከፈትላታል፤ ውሃው ያን ሁሉ ደረቅ ቦይ ተጉዞ እሷ ዘንድ ሳይደርስ መሬቱ ይጠጣዋል። ኩሬው ደግሞ በሕጉ መሠረት ይሟጠጣል። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሰዓት ሙሉ ይቆማሉ። በመጨረሻ አንዱ ሰውዬ ቦዩን በጓል ደፈነው፣ ተራው የደረሰው ሌላው በዶማ ከፈተው፣ ተያያዙና አንደኛው ተፈነከተ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በዚያን ቀን አልነበረም። ስለ ውሃ ግጭት አፈታት ሥልጠና ሊወስድ ጎንደር ሄዶ ነበር።

በማግስቱ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሄድሁ፤ ከወረድሁበት አንድ ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ምንጩ ዘንድ ደረስሁ። ሽማግሌው አለቱ ላይ ተቀምጠዋል። በጣም ጠምቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ሳይ ውሃ ስጡኝ ማለት አፈርሁ።

«አያ፣ ምነው ቀድመው አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ነግሬሽ ነበር። አንችም ጽፈሽዋል።»

«ምን ብዬ?»

«አስተያየት ተሰጥቷል ብለሽ። አስነብቤዋለሁ።»

ጎናቸው ተቀመጥሁ። እሳቸውም በዱላቸው ኩሬው ውስጥ የገባውን የአለቱን ገጽ አሳዩኝ። ሁለት ቦታ ላይ እንደ ደረጃ ወጣ ወጣ ያለ ነው። የላይኛውን ጉልበት፣ የታችኛውን ቁርጭምጭሚት ይሉታል። ውሃው ጉልበቱን ከሸፈነ ሁሉም እንደ ልቡ ያጠጣል። ከጉልበቱ በታች ሲወርድ ተራው ይራራቃል። ቁርጭምጭሚቱ ከደረቀ ቦዩ ይዘጋል፤ ውሃው ለሰውና ለከብት ብቻ ነው።

የሰንጠረዤን አምስት ቀለሞች አሰብሁ። «ታዲያ ይህንኑ ጽፈን እንገላገል» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይበቃም። በአባቴ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርቀው ሚያዝያ ነበር፤ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ። አሁን የካቲት ላይ ይደርቃል፤ ሽንኩርቱ ገና ራስ ሳይቋጥር። ካቻምና እኔው እንዳባቴ ዝሩ ብያቸው የስንቱ ማሳ ቀረ። ድንጋዩ አልዋሸም። እኔ ነኝ ዘመኑን ያላወቅሁት።»

ይህን የተናገሩት ከወንበር ያነሣኋቸው ሰው ናቸው። እኔ ባለዲግሪዋ እስከዚያ ቀን ድረስ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በሥራ ሰዓት ተጠቅሜበት አላውቅም።

ዝናብ የምትለካው ሴትዮ መምጣቴን ሰምታ ደብተሯን ይዛ መጣች። ልትሰድበኝ ነበር የመጣችው፤ መጀመሪያም ሰደበችኝ። ከዚያ የምንነጋገረውን ስትሰማ ደብተሩን ገለጠች። ያ እኛ የምንተወው የምርመራ ዓምድ ላይ «ዛሬ ጉልበቱ ታየ» ይላል፣ ሌላ ገጽ ላይ «ቁርጭምጭሚቱ ዛሬ ደረቀ፣ ሴቶች ተጣሉ» ይላል። ውሃ ስትቀዳ ያየችውን ሁሉ ጽፋዋለች። ሦስታችን ሣሩ ላይ ተቀምጠን የዝናቡን ቁጥርና የድንጋዩን ወሬ አስተያየነው። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዝናቡ ከመስቀል አልፎ በገፋበት ዓመት ምንጩ ይጠናል። ከመስቀል በፊት ባቋረጠበት ዓመት ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ይደርቃል፤ ይህም የሚታወቀው ገና ዘር መሬት ሳይገባ ነው።

ሴትዮዋ ደብተሩን ዘጋች። «ታዲያ ጥር ላይ ከምንፈነካከት መስከረም ላይ ብንጨቃጨቅ አይሻልም?»

ከዚያ በኋላ ስለ አየር ንብረት ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ አላጋጠመኝም።

ሕጉን መንደሩ እንደገና አወጣው። መስቀል ባለፈ ሰሞን ሁሉም ወጥቶ ድንጋዩን ያያል። ጉልበቱ ከደረቀ እያንዳንዱ ሰው የመስኖ መሬቱን እኩሌታ ብቻ ሽንኩርት ይተክላል፤ የቀረውን በእርጥበት የሚደርስ ምስር ይዘራበታል። ቁርጭምጭሚቱ ከደረቀ ቦይ የለም። ውሃ የሰረቀ ቦዩን ብቻውን ሦስት ቀን ይጠርጋል። ሽማግሌውም ወደ ሹመታቸው ተመለሱ። የተፈነከተው ሰውዬ በፋሻ ተጠቅልሎ ቀድሞ ፈረመ።

ሰነዱን ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

«ቀኑ የት አለ?» አለኝ።

«ቀን የለውም። ድንጋይ ነው ያለው።»

«ቅጹ ላይ እኮ ድንጋይ የሚል የለም።»

እውነቱን ነው፤ የለም። ተመልሼ ተቀመጥሁና «በአመላካች ላይ የተመሠረተ ተለዋዋጭ የውሃ ድልድል ሥርዓት» ብዬ ጻፍሁ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ቁርጭምጭሚቱም ያው። ኃላፊያችን አንብቦ ሲጨርስ ዐይኑ እንባ ሊያቀር ደረሰ። ወር ሳይሞላ ጎንደር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዐውደ ጥናት ተጠራ፤ ሽማግሌውና ሴትዮዋም ተጋበዙ።

አዳራሹ ውስጥ በየሰዉ ፊት ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን በርሜልና ጆግ ነው። ሽማግሌው ጠርሙሱን ገልብጠው ገልብጠው አዩትና «ምነው አሰራችሁት?» አሉኝ። ኃላፊያችን የድንጋዩን ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየና አብራራ። አንድ ክራባት ያሰረ እንግዳ እጁን አወጣ።

«ቁርጭምጭሚት ደረጃውን የጠበቀ መለኪያ ነው ወይ? የማን ቁርጭምጭሚት ነው?»

ሽማግሌው በዚያን ቀን በሁለቱም ጆሯቸው ይሰሙ ነበር። «የድንጋዩ ነው» አሉ። «የእኔማ አብጧል።»

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ከመስቀል በፊት አቋረጠ። ጉልበቱ ደርቆ ተገኘ። መስከረም ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ ስድቡ በስልክ ሳይቀር እኔ ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻ ሁሉም እኩሌታውን ተከለ። ሽማግሌው ማሳቸው ከቦዩ ራስ ላይ ስለሆነ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እኔን ነው ብለው መጨመር ይችሉ ነበር፤ አልጨመሩም። እዚህ ላይ ታሪኩን ብጨርሰው ለሪፖርት ሸጋ ነበር፤ ጨርሼዋለሁም። የየካቲቱን ነገር ሪፖርት ላይ አልጻፍሁትም።

ሽማግሌው የመጨረሻ ልጃቸውን ከፋሲካ በኋላ ሊድሩ ነበር። ድግሱ የታሰበው ከሽንኩርቱ በሚገኘው ነው። የካቲት ላይ ቁርጭምጭሚቱ ደረቀ፤ ቦዩን በሕጉ መሠረት በገዛ እጃቸው ዘጉት። ሽንኩርታቸው ግን ሁለት ውሃ ቢያገኝ የሚደርስ ነበር። አንድ እሑድ፣ መንደሩ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ጓሉን አነሡት።

ሴትዮዋ በዚያ ጠዋት የታመመች ላሟን ስትጠብቅ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቦዩ ረጥቦ አየች። ርጥበቱን ተከትላ ስትወርድ ሽማግሌው ሽንኩርታቸው መሐል ዶማ ይዘው ቆመዋል።

«አያ፣ ምነው?» አለቻቸው።

«አልሰማሁሽም።»

በወዲያኛው ጆሯቸው በኩል ዞራ ደገመችላቸው።

ይህን ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል። ሽማግሌው ሄደው ቦዩን መልሰው ደፈኑ። እሷም ውሃዋን ቀድታ ገባች፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ እንደ ልማዱ ከግቢው ውጭ ተቀምጦ ሲጫወት ሽማግሌው ተነሥተው «ውሃ ሰርቄያለሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ባለፈው እሑድ ቦዩን ከፍቻለሁ። ፍርዱ ይነገረኝ።»

ሳቁ ቆመ። አንዳንዱ ለዕድሜያቸው ይማሩ አለ። ካህኑም ንስሐ ይበቃቸዋል አሉ። ሴትዮዋ ናት እምቢ ያለች። «እሳቸውን ከማርን ነገ የማንምረው ማን ሊቀር ነው?» አለች። ሦስት ቀን ተፈረደባቸው።

በሁለተኛው ቀን ለክትትል ስሄድ ሽማግሌው ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብለው ደለል ሲያወጡ አገኘኋቸው። ስሰማ ተናድጄባቸው ነበር። ፎቷቸውን በየሪፖርቱ ለጥፌ «አርአያ» ብዬ የጻፍሁ እኔ ነኝ። ሳያቸው ግን ቁጣው ጠፋኝ። ሕጉ «ብቻውን» ቢልም አካፋ ተቀብዬ ገባሁ፤ ያየ ሰው አላየሁም አለ። ብዙም ሳይቆይ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሽማግሌው እጄን ይዘው አዩት።

«ይኸውልሽ፣ እዚህም አስተያየት ተሰጥቷል» አሉ።

ከዚያ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ድንጋዩን ያን ያህል ዘመን አይቼዋለሁ። ያን ጠዋት ግን የልጄ ድግስ ነበር የሚታየኝ። ሰው ዳኛ የሚሆነው የራሱ እስኪደርስ ነው።» እኔም አላጽናናኋቸውም፤ የሚጽናኑ ሰው አይደሉም። እስከ ቀትር ድረስ አብረን ጠረግን።

በዚያ ዓመት ኩሬው እስከ ሰኔ አልደረቀም። ሴቶቹ ወረፋ ቆመዋል፣ ተነጫንጨዋል፤ ነገር ግን ባዶ ጀሪካን ይዞ የተመለሰ አልነበረም። ከተተከለው ሽንኩርት ሲሶው ያህል ቀጨጨ፣ የቀረው ደረሰ። ማሳዋ ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ሴትዮም በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃ ደርሷት ከማሳዋ ጥቂት ዘንቢል ነቀለች። የሽማግሌው ሽንኩርት ግን የባቄላ ፍሬ ያክል ሆኖ ቀረ። ሠርጉ ሆነ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ዳሱ ጠባብ ነበር፣ ጠላውም ቶሎ አለቀ፤ ሙሽራዋ ደስተኛ ነበረች። አማቶቹ ትንሽ አጉረመረሙ።

ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌው ሹመቱን መለሱ። መንደሩም ሴትዮዋን መረጠ፤ ከመምረጡ ይልቅ ስያሜው ላይ ነው ጊዜ የፈጀው። ሴት የውሃ አባት አይባልም ተባለ፤ «የውሃ እናት» እንበላት ያለ ነበር።

«አባት በሉኝ» አለች። «እናት ካላችሁኝ ሁሉም ማሪኝ እያለ ሊመጣ ነው።»

የውሃ አባት ሆነች።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሰነዱ እንደ ጥሩ የድግስ ወጥ ለሁሉም ይዳረስ ተባለ። ኮላ ድባ ወርጄ ለደንቢያ ገበሬዎች «ቁርጭምጭሚት» ስላለው አሠራር እንዳስረዳ ታዘዝሁ። አስረዳሁ። አንድ ገበሬ በትሕትና ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «የእኛ ችግር ጎርፍ ነው፤ ውሃው ሲመጣ በወገብ ነው የሚመጣው» አለኝ። ተመልሼ ለኃላፊያችን ይህንኑ ነገርሁት። ሰነዱን ለሜዳማው አገር አንልክም ብሎ ተስማማ፤ ለዚህም ቅጽ ሞላ።

ባለፈው መስከረም መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ወደ ደጋው ወጣሁ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የውሃ አባቷ ዘገየሽ ብላ ተቆጣችኝና ወደ ምንጩ ወሰደችኝ። ከጉልበቱ በላይ አለቱ ላይ በመሮ የተፈለፈለ አዲስ ምልክት አለ። ጉልበቱ አልበቃ ብሏታል፤ ዝናቡ ከጠበቅነውም በላይ ከዳ። ስለዚህ ጉልበቱ ከመታየቱ በፊት እንዲያስጠነቅቅ ማንንም ሳትጠይቅ ሌላ ደረጃ ጨምራለች። ስሙንም «ጭን» ብላዋለች።

«እንዲህ ዝም ብሎ አይሆንም እኮ» አልኋት። «ሰነዱ ይቀየራል፣ ይጸድቃል፣ ይፈረማል።»

«ቀይሪው ታዲያ። ምን ይዞሻል?»

ጎንደር ተመልሼ ቀየርሁት። ኃላፊያችን አንብቦ፣ ቃሉ ለመንግሥት ወረቀት አይመጥንም ብሎ መለሰልኝ። «የላይኛው አመላካች» ብዬ አርሜ አስፈረምሁት። መንደሩ ጭን ነው የሚለው።